አውሮፕላን ማረፊያና ጎረቤቶቹ፦ ከጋይንት ሰማይ እስከ «ኦልድ ኤርፖርት»

እስቲ አንድ አርብ ጠዋት በሐሳባችሁ አርብ ገበያ ላይ ቁሙ፤ ታች ጋይንት፣ ገበያው ለከተማዋ ስም የሆነላት ቦታ። በግ ይጮኻል፣ አህያ ያናፋል፣ ሰው በጤፍና በገብስ ዋጋ ይከራከራል፣ አይሱዙው መንገድ ልቀቁ እያለ ጥሩምባውን ይነፋል። በዚህ ሁሉ መሀል ከደመናው ወዲያ የአውሮፕላን ድምፅ ይሰማል። ምናልባት አንድ ልጅ ቀና ብሎ ያይ ይሆናል እንጂ ሌላው ሰው ሥራውን አያቋርጥም። ድምፁ ሩቅ ነዋ! ሌላ ቦታ የሚሄድ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ስለ አውሮፕላን ጩኸት የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከለንደን ወይም ከኒው ዮርክ ይጀምራል። እኛ ግን እዚሁ ከጋይንት ብንጀምር በቂ ምክንያት አለን።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ገፈርሳ ላይ አረፈ። ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ነበር፤ ከጅቡቲ ያበረረውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ከዚያ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ አውሮፕላን በአንቺም ሜዳ ሰማይ ላይ ታየ። አንቺም ደብረ ዘቢጥ አጠገብ ነው፤ ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ያደረጉት የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ጦር ጋር የተዋጉት በዚያ ሜዳ ነው። የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። አውሮፕላኖቹ በመጀመሪያ የጣሉት ወረቀት ነው፤ ራስ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ እንደሚወገዝ የሚናገር ጽሑፍ። ቦምብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ሞቱ፤ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

እዚህ ላይ ጦርነቱን ትተን ድምፁን ብቻ እናስብ። ነጎድጓድ የሚያውቅ፣ የመድፍ ድምፅም የሰማ ሰው፣ ከራሱ በላይ እየዞረ የሚጮኽ ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ሊሸሸው አይችል፣ በጎራዴ አይደርስበት። ለጋይንት ሰው የአውሮፕላን ድምፅ የመጀመሪያ ትርጉሙ ይኸው ነበር፤ ፍርሃት።

ቀጣዩ ትርጉም ግን የተለየ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ሲ-47 ይባላሉ፤ ዲሲ-3 የሚባለው ታዋቂ አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድም ናቸው። እነዚህ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች አስፋልት አይመርጡም፤ ደረቅና ደልዳላ ሣር ይበቃቸዋል። ስለዚህ በክፍለ ሀገሩ ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች ተከፈቱ። ዛሬ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያዎች መለያ ዝርዝር ብትመለከቱ ደብረ ታቦር፣ ሞጣና መካነ ሰላም እያንዳንዳቸው ባለ ሦስት ፊደል ስም አላቸው። የደብረ ታቦሩ «ዲ፣ ቢ፣ ቲ» ነው። በረራው ቢቆምም ስሙ ከዝርዝሩ አልወጣም።

በእነዚህ ሜዳዎች የአውሮፕላኑ ጩኸት ምን ነበር መሰላችሁ? ደወል ነበር! አጥር በሌለው ሜዳ ላይ ከብት ይሰማራል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ ገበያተኛ አቋርጦ ይሄዳል። አብራሪው መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ሜዳውን ይዞረዋል፤ ድምፁን የሰማ እረኛ ከብቱን ይሰበስባል፤ ሜዳው ሲጸዳ አውሮፕላኑ ያርፋል። ድምፁ ባይኖር አደጋ ነበር። ያው ድምፅ ደብዳቤ መጣ፣ መድኃኒት መጣ፣ አዲስ አበባ የሄደ ዘመድ መጣ ማለትም ነው። በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ ከዚህም የከበደ ትርጉም ያዘ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስና የጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖች መንገድ በሌለው ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በከረጢት ይጥሉ ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች እህሉ የሚጣልበትን ቦታ አስቀድመው ሄደው ያዘጋጁ ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩን የሰማ ሰው «ረበሸኝ» ይላል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ነገሩን ለምን እንዲህ አስረዘምኩት? ድምፅ በፊዚክስ አንድ ነገር ነው፤ የአየር ንዝረት። ጩኸት የሚሆነው ግን ሰሚው ከምንጩ ጋር ባለው ግንኙነት ነው። አውሮፕላኑ ለእኔ ምን አመጣልኝ፣ ምንስ ወሰደብኝ የሚለው ጥያቄ ከዴሲቤሉ እኩል ይቆጠራል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ፤ ምክንያቱም ድምፁ ከደወልነት ወደ ብክለትነት የተለወጠው እዚያ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባል ሰፈር አለ። ብዙ ወጣት ስሙን እየጠራ ያድጋል፤ ኤርፖርቱ የታለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኤርፖርቱ ልደታ ነው። አየር መንገዱ ሥራ ሲጀምር ቤቱ እዚያ ነበር፤ ለዲሲ-3ም በቂ ነበር። ችግር የመጣው ከጄት ጋር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር 80 በመቶ ያህል ብቻ ጥግግት አለው። ክንፍ የሚሸከመው አየርን ገፍቶ ነው፤ ሞተርም የሚያቃጥለው ያንኑ አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሞተሩ ግን ያነሰ ጉልበት ይሰጣል። ውጤቱ? በባሕር ዳርቻ ቶሎ የሚነሣ አውሮፕላን እዚህ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ቀስ ብሎ ወጣ ማለት ደግሞ በብዙ ቤቶች ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ ማለት ነው።

ልደታን ማስረዘም አልተቻለም። ስለዚህ አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ጄቶቹን በ1955 ዓ.ም. ሲረከብ መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ቦሌ ላይ አዲስ ማረፊያ አዘጋጅቶ ነበር። ቦሌ ያን ጊዜ ዳር ነበር፤ እርሻና የግጦሽ መሬት። ችግሩ የተፈታ መሰለ።

እዚህ ላይ ወደ አሜሪካ ላሻግራችሁ፤ ምክንያቱም በኛ የሣር ሜዳ ላይ ያረፈው ዲሲ-3 የተወለደበት ትንሽ ኤርፖርት የዚሁ ታሪክ መንታ ወንድም ነው። ዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17, 1935 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንታ ሞኒካ በሚገኘው ክሎቨር ፊልድ ነበር። የዳግላስ ፋብሪካ ከማኮብኮቢያው አጠገብ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ፈለገ፣ ሠራተኛው ቤት ፈለገ፣ ቤቱም በማረፊያው ዙሪያ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዳግላስ ዲሲ-8 የተባለውን ጄት ለመሥራት ማኮብኮቢያው እንዲረዝምለት ከተማውን ጠየቀ። ነዋሪው ተቃወመ፣ ከተማውም እምቢ አለ። ዳግላስ ጄቱን ይዞ ወደ ሎንግ ቢች ሄደ። አያችሁት? ፋብሪካው የሳበው መንደር ፋብሪካውን አስወጣው። አዲስ አበባ ልደታን ትታ ወደ ቦሌ የሄደችውም በዚያው ዘመን ገደማ፣ በዚያው ምክንያት፣ በጄት ምክንያት ነው።

ሳንታ ሞኒካ ግን ማረፊያዋን አልዘጋችም። ትንሽ የማኅበረሰብ ኤርፖርት ሆኖ ቀጠለ፤ ጠቡም አብሮት ቀጠለ። ከተማው ጄቶችን ሙሉ በሙሉ ለመከልከል ሞከረ፤ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ክልከላውን ሻረው። ከዚያ በኋላ ወደ መለኪያ ተሸጋገሩ። በማኮብኮቢያው ጫፎች አቅጣጫ ማይክሮፎን ተከሉ፤ አንድ አውሮፕላን ሲያልፍ ከ95 ዴሲቤል በላይ ከጮኸ ባለቤቱ ይጠየቃል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት መነሣት ተከለከለ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተማውና የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ተስማሙ፦ 1,500 ሜትር ያህል የነበረው ማኮብኮቢያ ወደ 1,070 ሜትር ገደማ እንዲያጥር፣ ከ2028 መጨረሻ በኋላም ከተማው ከፈለገ እንዲዘጋው። ማሳጠሩ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ተፈጸመ። ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ክርክር!

ስለ ዴሲቤል ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነውና። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። በ10 ዴሲቤል ከፍ ያለ ድምፅ አሥር እጥፍ ጉልበት ይዟል፤ ጆሯችን ግን በግምት እጥፍ ያህል የጎላ አድርጎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ «90 ዴሲቤል ከ80 ጥቂት ይበልጣል» ማለት አይሠራም። የጄት ጩኸት ዋና ምንጭ ደግሞ ከሞተሩ ኋላ በከፍተኛ ፍጥነት የሚወጣው ጋዝ ከውጭው አየር ጋር ሲጋጭ ነው። ጄምስ ላይትሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ የሚገርም ሕግ አወጣ፦ የዚህ ድምፅ ጉልበት ከጋዙ ፍጥነት ስምንተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። እስቲ ራሳችሁ አስሉት። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ድምፁ በ2 ሳይሆን በ256 ይቀንሳል፤ ይህም 24 ዴሲቤል ያህል ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ የምታዩዋቸው አውሮፕላኖች ሞተራቸው እንደ በርሜል የሰፋው ለዚህ ነው፦ ትንሽ አየር በጣም ፈጥኖ ከመግፋት ብዙ አየር ቀስ ብሎ መግፋት። ነዳጅም ይቆጥባል፣ ጆሮም ያሳርፋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የድምፅ ወሰን እያወጣ፣ እየቆየም ወሰኑን እያጠበቀ መጥቷል።

ታዲያ እያንዳንዱ አውሮፕላን እንዲህ ጸጥ ካለ ክርክሩ ለምን አላበቃም? የበረራው ቁጥር ስላደገ ነው። አንድ ጊዜ በጣም ይጮኽ የነበረው አሁን መቶ ጊዜ በመጠኑ ይጮኻል። በዚያ ላይ ሰዓቱ አለ። አዲስ አበባን መናኸሪያ ያደረጉ ብዙ ረጅም በረራዎች የሚነሡት ሌሊት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ግን የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል በታች ቢሆን ይመረጣል ብሏል። ይህ የጸጥተኛ ክፍል ያህል ነው። በዋና ኤርፖርት አጠገብ የሚኖር ሰው ይህን ማግኘቱ ዘበት ነው።

ለእናንተ፣ ተማሪ ለሆናችሁት፣ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የሙኒክ ታሪክ ይመስለኛል። የጀርመኗ ሙኒክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 ሪም የተባለውን የድሮ ኤርፖርቷን ዘግታ በአንድ ሌሊት ወደ አዲሱ ተዛወረች። ተመራማሪዎች ይህ ከመሆኑ በፊት ተዘጋጅተው ጠበቁ፤ በሁለቱም ቦታ አጠገብ የሚማሩ ልጆችን ከዝውውሩ በፊትም በኋላም ፈተኑ። በድሮው ማረፊያ አጠገብ የነበሩት ልጆች በንባብና ለረጅም ጊዜ በማስታወስ ደክመው ነበር፤ ጩኸቱ ሲቆም አገገሙ። በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ ያሉት ደግሞ፣ ጩኸቱ ሲጀምር፣ በተራቸው ደከሙ። እንዲህ ዓይነት ንጹሕ ማስረጃ በማኅበራዊ ጥናት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሙኒክ ጩኸቱን አላጠፋችውም፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው አዛወረችው።

አሁን ወደ ቦሌ ስንመለስ ታሪኩ ራሱን ሲደግም እናገኘዋለን። ዳር የነበረው ማረፊያ መሀል ገባ። ማን አመጣው? መንገድ፣ መብራት፣ ሥራ፣ ሆቴል፤ ሁሉም ኤርፖርቱ የሳባቸው ናቸው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ ተርሚናል ተከፈተ፤ ዛሬ ማኮብኮቢያዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ 3,700 ሌላው 3,800 ሜትር። ገርጂ ወይም ቦሌ ሚካኤል የኖረ ሰው አውሮፕላን እስኪያልፍ ወሬውን ገታ ማድረግ ልማዱ ነው። ማስፋት ቢፈለግ ወዴት? ዙሪያው ቤት ነው። እናም ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ፣ የአዲሱ ግዙፍ ኤርፖርት ግንባታ ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ ወፈር ይላል፤ ያው አውሮፕላን ብዙ ጭኖ ይነሣል፣ ቶሎም ከፍ ይላል። ለድምፅም ይጠቅማል። ግን አቡሴራም ባዶ አልነበረም። ገበሬዎች ነበሩበት፤ ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነሥተው ወደ ሌላ መንደር ሄደዋል።

በእንዲህ ያለ ክርክር ሁሌ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ማን ቀደመ?» የኤርፖርቱ ሰዎች «እኛ ቀደምን፣ እናንተ ጩኸቱን እያወቃችሁ ቤት ሠራችሁ» ይላሉ። ለእኔ ይህ ደካማ መልስ ነው። ከልደታም፣ ከቦሌም፣ ከአቡሴራም በፊት አራሽ ነበር። ከቦሌ በኋላ የመጣውም ቢሆን ቦታ የሰጠው፣ ካርታ ያተመለት መሥሪያ ቤት አለ። የዓለም አቀፉ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 የተቀበለው መመሪያ አራት መንገዶችን ይዘረዝራል፤ አውሮፕላኑን ራሱን ጸጥ ማድረግ፣ በዙሪያው ያለውን መሬት አስቀድሞ ማቀድ፣ የአበራረር ስልት መለወጥና በመጨረሻም በረራን መገደብ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው እጅግ ርካሹ ነው፤ ግን ከመንደሩ በፊት ካልተደረገ እጅግ ውዱ ይሆናል። በማኮብኮቢያው አቅጣጫ ያለው መሬት ለእርሻ፣ ለመጋዘን፣ ለደን ቢተው ጩኸቱን የሚሰማው ሰው ይቀንሳል። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ደግሞ ወደ ጎን ይሠራሉ። ሳንታ ሞኒካ ለማይክሮፎንና ለጠበቃ ያወጣችው ገንዘብ ሁሉ ይህን አንድ ነገር በጊዜው ባለማድረጓ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ለአርብ ገበያ ልጅ ምን ይጠቅማል? ዛሬ ከጋይንት የሚነሣ መንገደኛ ለአውሮፕላን ባሕር ዳር ወይም ላሊበላ መድረስ አለበት፤ አገሩ ደግሞ በገደል የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «ማረፊያ ይሠራ» የሚል ጥያቄ በስማዳ፣ በእስቴ ወይም በጋይንት ሊነሣ ይችላል፤ ቢነሣም ይገባል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደልዳላ መሬት የት አለ የሚለው ነው። በገደል አገር ደልዳላ መሬት ማለት ግን ምርጡ የእርሻ መሬት፣ የግጦሽ ሜዳ፣ አንዳንዴም ገበያው ራሱ ነው። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ክርክር ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ነፋስ ነው። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ወደ ነፋሱ ፊቱን ሰጥቶ ነው፤ ስለዚህ ማኮብኮቢያው የሚዘረጋው አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ በሚነፍስበት አቅጣጫ ነው። ነፋሱ የማኮብኮቢያውን አቅጣጫ ይወስናል፣ አቅጣጫው ደግሞ የማን ጣሪያ እንደሚንቀጠቀጥና የማን እንደማይንቀጠቀጥ ይወስናል። መሐንዲሶች ለዚህ ብለው ነፋሱን ወቅት በወቅት ይመዘግባሉ። የላይ ጋይንቷን ከተማ ነፋስ መውጫ ብለው የሰየሟት ሰዎች ያለ ምክንያት አልሰየሟትም፤ ነፋሱ በበጋ ከየት፣ በክረምት ከየት እንደሚመጣ የሚነግሯችሁ ሽማግሌዎች ዛሬም እዚያ አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የምትሰሙትንም ከነወሩ ጻፉት።